ትዳርና ፆታ በህዳሴ ዘመን ኮሜዲ

በአማርኛ ሼክስፒርን በይበልጥ የምናውቀው በአሳዛኝ ተውኔቶቹ ነው። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ሰጥተውናል። ኮሜዲዎቹ ግን ብዙም አይወራላቸውም። ትልቁ ጉዳያቸው ትዳር ነው። ማን ማንን ያገባል? ፈቃዱስ የማን ነው?

የኮሜዲው ዘውግ በአውሮፓ ህዳሴ ዘመን ያበበው ጣሊያን ነው። በ1513 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኡርቢኖ ከተማ ላይ በታየው «ካላንድሪያ» በተባለ ተውኔት ውስጥ፣ መንታ ወንድምና እህት ልብስ እየተቀያየሩ ሰው ያሳስታሉ። በኋላ የመጡት ተዘዋዋሪ የተዋንያን ቡድኖች ፓንታሎኔ የተባለውን ገጸ ባሕርይ አስወደዱ። ሀብታም፣ ቆንቋና ሽማግሌ ነው። ልጁን ለማን እንደሚድር እሱ ይወስናል፤ ባስ ሲልም ራሱ ኮረዳ ያምረዋል። ወጣቶቹ በአሽከሮች ብልሃት ያሸንፉታል። እዚያ ሴቶች ራሳቸው ይተውኑ ነበር። ከሁሉም የገነነችው ኢዛቤላ አንድሬኒ ናት፤ ተዋናይት ብቻ ሳትሆን ጸሐፊም ነበረች። በ1589 በፍሎረንስ የገዢው የሜዲቺ ቤተሰብ ሠርግ ላይ በፍቅር ያበደች ሴት ሆና ተውናለች። ስፔንም በ1587 ለሴቶች መድረኩን ፈቅዳለች።

እንግሊዝ ግን እስከ 1660 ድረስ በሙያ ቲያትሮቿ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ድምፃቸው ያልጎረነነ ወንድ ልጆች ነበሩ። ደራሲዎቹ ይህን እንደ ጉድለት አላዩትም፤ ተጠበቡበት። በሼክስፒር «እንደወደዳችሁት» ውስጥ ሮዛሊንድ ወንድ መስላ ጫካ ትገባለች። እዚያ ለሚወዳት ሰው «እኔን ሮዛሊንድ አድርገህ ቁጠረኝ» ብላ ፍቅር ታስተምረዋለች። ወንድ ልጅ ሴት ሆኖ፣ ሴቲቱ ወንድ ሆና፣ ያ ወንድ ደግሞ መልሶ ሴት ሆኖ ማለት ነው! ተውኔቱ በአራት ጋብቻ ያልቃል። ሌላው እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት ቤን ጆንሰን በ1609 ገደማ ይህንኑ ገልብጦ ተጠቀመበት፤ በእሱ ተውኔት አንድ ሽማግሌ በዝምታዋ ወዶ ያገባት ሙሽራ መጨረሻ ላይ ወንድ ልጅ ሆና ተገኘች።

ከመድረክ ውጭ ሕጉ ጥብቅ ነበር። ሴት ስታገባ ተንቀሳቃሽ ንብረቷ የባሏ ይሆን ነበር። በሼክስፒር «የኃይለኛዋ ሴት መገራት» ላይ ፔትሩኪዮ ሀብታም ሚስት ፍለጋ ወደ ፓዱዋ ከተማ መምጣቱን በግልጽ ይናገራል። የኃይለኛዋ ሴት የኬት አባትም 20,000 ክራውን (የዘመኑ ገንዘብ) ሊሰጠው ይስማማል። ከዚያ ፔትሩኪዮ ምግብና እንቅልፍ እየነፈገ ሊገራት ይነሳል። በመጨረሻ ኬት ሚስት ለባሏ መታዘዝ እንዳለባት ረጅም ንግግር ታደርጋለች። ከልቧ ነው ወይስ ለይምሰል? ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ። በእኔ እይታ ሁለቱንም አድርጎ መተወን ይቻላል፤ የተውኔቱ ጥንካሬም ይኸው ነው።

እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ጆን ፍሌቸር በ1611 ገደማ በራሱ ተውኔት መልስ ጻፈለት። ኬት ሞታለች፤ ፔትሩኪዮ ማሪያን አገባ። ማሪያ በሠርጉ ሌሊት በር ዘጋችበት። ሌሎች ሴቶችም ምግብና መጠጥ ተሸክመው ከጎኗ ተሰለፉ። ባል እስኪገራ ድረስ አልተበገሩም። በኅዳር 1633 ሁለቱም ተውኔቶች በቀናት ልዩነት በንጉሥ ቻርልስ ፊት ታዩ። የቤተ መንግሥቱ የመዝናኛ ኃላፊ የሼክስፒሩን «ተወደደ» ሲል መዘገበ። የፍሌቸሩን ግን «በጣም ተወደደ» አለው።