ስለ ቪላ ሳቮዋ የሚባለውና እውነታው

አርክቴክቱ ለ ኮርቡዚዬ ከዘመዱ ከፒየር ዣነሬ ጋር ፓሪስ አጠገብ፣ ፑዋሲ ላይ የሠራው ቪላ ሳቮዋ (እ.ኤ.አ. 1928–1931) በአምስት መርሆዎቹ ይታወቃል። ቤቱ በኮለን ከመሬት ከፍ ይላል፣ የውስጥ ግድግዳ እንደ ልብ ይቆማል፣ የፊት ግድግዳው ሸክም የለበትም፣ መስኮቱ አግድም ይዘረጋል፣ ጣሪያው ላይ አትክልት ይተከላል። ይህን የሸመደደ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ግን ብዙ ነው።

«ነጭ ሣጥን ነው።» ጥፋቱ የጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ ነው። የምድር ቤቱ ግድግዳ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከዛፉና ከሣሩ ጋር ተመሳስሎ ሲጠፋ የላይኛው ፎቅ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሳሎኑም ውስጥ ሮዝና ሰማያዊ ግድግዳ አለ።

«ኮለኖቹ ለማማር ነው።» ከሥራቸው መኪና ያልፋል! የምድር ቤቱ ፊት ግማሽ ክብ የሆነው በመኪና መታጠፊያ ልክ ስለተሠራ ነው፤ ሹፌሩ ጌቶቹን ደጃፍ ላይ አውርዶ ዞሮ ወደ ጋራዡ ይገባል። ኮለኖቹም ከውጭ እንደሚታዩት በሥርዓት የተሰለፉ አይደሉም። ራምፑ (ያለ ደረጃ ወደ ላይ የሚያስወጣው ተዳፋት) መሃሉን ስለያዘ ውስጥ ያሉት ከመስመር ወጥተዋል። መርህ ያወጣው ሰውዬ ራሱ ሲቸግረው መርሁን ያጎብጣል፤ እኔ በበኩሌ የምወድለት ይህንን ነው።

«ሙሉ በሙሉ አርማታ ነው።» አይደለም። አርማታው አጽሙ ነው፤ መሃሉ በግንብ ተሞልቶ ተለስኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮለንና ሶሌታው ቆሞ ብሎኬት ሲደረደር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

«ለ ኮርቡዚዬ ቤትን ‹የመኖሪያ ማሽን› ያለው ለስሜት ደንታ ስለሌለው ነው።» አባባሉ በ1923 መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ቤቱን ግን በእግር ሂዱበት። ደረጃ እያለ፣ ቀስ ብሎ የሚያስወጣ ራምፕ ከምድር እስከ ጣሪያ ተሠርቷል፤ በየእርምጃው የሚታየው ይለዋወጣል፤ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ግድግዳው ላይ የተቆረጠ ክፍተት ውጭውን እንደ ሥዕል ከቦ ይጠብቃችኋል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሰው ጀርባ ቅርጽ ተከትሎ የታጠፈ፣ በሴራሚክ ንጣፍ የተለበጠ መጋደሚያ አለ። ለማሽን ይህ ቅንጦት ነው።

«ባለቤቶቹ ተደስተው ኖሩበት።» የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሳቮዋ ለአርክቴክቱ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ያነበበ እንዲህ አይልም። በ1936 ኮሪደሩም ራምፑም ያፈስሳል፣ የጋራዡ ግድግዳ ረጥቧል ብለው ጻፉ። መታጠቢያ ቤቱን የሚያጥለቀልቀው በጣሪያው መስታወት የሚገባው ውሃ ነበር። በዓመቱ ቤቱ ሊኖርበት እንደማይቻል ገልጸው ክስ እስከማስፈራራት ደረሱ። ጉዳዩ ሳይቋጭ ጦርነቱ መጣ፤ በ1940 ለቀው ወጡ፣ ጀርመኖች ገቡበት፣ ቀጥሎ አሜሪካኖች። ከዚያ ከተማው ቦታውን ለትምህርት ቤት ፈልጎት ቤቱ ከመፍረስ የተረፈው በተቃውሞ ነው። በ1965 የፈረንሳይ ታሪካዊ ቅርስ ሆነ፣ በ2016 ዩኔስኮ መዘገበው።