ኮምቦልቻ ሆነን ስለ ቆላ ፓርክ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ የማያውቅ የኮምቦልቻ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከባቲ አልፎ፣ ሚሌንና ገዋኔን ተሻግሮ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የገባ ግን በሰፈሬ በጣት የሚቆጠር ነው። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ስለነበር ቆላውን መጀመሪያ ያወቅኩት ከእሱ ወሬ ነው። ሳላ የሚባለው ቀንደ ረጅም የቆላ እንስሳ አስፋልት ሲሻገር መኪናውን አቁሞ እንደሚጠብቅ ሲነግረን አፋችንን ከፍተን እንሰማ ነበር። አሁን እኔ በዓመት አንድ ሁለቴ ዘመድና ጎረቤት አሰባስቤ፣ የመንገዱን ሰላም አጣርቼ እወርዳለሁ። ከጉዞው በፊት ቡና ላይ የሚነሳው ወሬ ሁሌም ይመሳሰላል፣ ስህተቱም እንደዚያው። ስህተቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዱ ምንም ሳያይ ይመለሳል፣ ሌላው ወባ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

«ሳፋሪ የኬንያ ነው፤ እኛ ጋ አውሬው አልቋል»

«ሳፋሪ» የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ስዋሂሊም የወሰደው ከዓረብኛው «ሰፈር» ነው፣ ጉዞ ማለት ነው። ኪታብ የቀራ የወሎ ሰው ሲሰማው ወዲያው ይገባዋል። ቃሉ የማንም ብቻ አይደለም፣ ነገሩም እንደዚያው።

በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክና በደቡብ ሱዳን መካከል ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው አጋዘን መሰል እንስሳ በየዓመቱ ሣርና ውሃ ተከትሎ ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 በደቡብ ሱዳን ይፋ የሆነው የአየር ላይ ቆጠራ በዚህ ፍልሰት የሚጓዙትን እንስሳት ወደ 6 ሚሊዮን ገምቷቸዋል፤ አብዛኞቹ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ናቸው። በቴሌቪዥን እያየን የምንደነቅበት የሴሬንጌቲ ጉዞ በቁጥር ከዚህ ያንሳል።

ጋምቤላ ሩቅ ነው ከተባለ ወደ ደጃችን ልምጣ። ከሚሌ ወደ ገዋኔ ስንወርድ መንገዱ ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል። ይህ ፓርክ የታሰበው በዋናነት ለአፍሪካ የዱር አህያ ነው። የዱር አህያ ዛሬ በተፈጥሮ ቦታው የቀረው በዋናነት በኢትዮጵያና በኤርትራ ሲሆን ከምድር ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት አንዱ ነው። ባቲ ገበያ ጨው ተሸክሞ የሚገባው አህያ ዘሩ ከዚሁ ከአፍሪካ የዱር አህያ የተቀዳ ነው። እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። ግን በዚያ ሜዳ ሳልፍ ተኝቼ አላውቅም፤ መስኮቱን ከፍቼ ዳር ዳሩን እቃኛለሁ።

አልቋል የሚሉት ሰዎች ጭራሽ ተሳስተዋል አልልም። አባቴ የነገረን ዓይነት መንጋ እኔ አላየሁም። ቀንሷል። ሲቀንስ ደግሞ የሚያሳስበው ሰው ያስፈልገዋል፤ «አልቋል» ላልነው ነገር ግን ማን ይጨነቃል?

«ቆላ ፓርክ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው፤ ዝሆንና ቀጭኔ እናያለን»

አዋሽ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ጸደቀ፤ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከላዩ የፈንታሌ ተራራ እስከ 2,007 ሜትር ይነሳል። የሚያዩት ሣር፣ እሾኻማ ቁጥቋጦና ግራር ነው። ለምለም የሚባለው ወንዙ ዳርና ፍልውሃው ጋ ያለው ዘምባባ ነው። ጫካ ጠብቆ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ቅር ብሎት ያሳልፋል፤ ሜዳ መሆኑ ግን ለማየት ይበጃል።

ዝሆንና ቀጭኔ አዋሽ ውስጥ የሉም። ዝሆን የፈለገ ባቢሌ፣ ጨበራ ጩርጩራ፣ ማጎ ወይም ቃፍታ ሽራሮ ነው፤ ቀጭኔ የፈለገ ጋምቤላ። ልጆች ተስፋ አድርገው ሄደው ሲያጡ ያለቅሳሉ፣ ስለዚህ ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው።

አዋሽ የሳላ አገር ነው። ዋናው ሜዳ ራሱ ኢላላ ሳላ ይባላል። ሳላ ወንዱም ሴቷም እንደ ጦር የቀና ረጅም ቀንድ አላቸው፤ በጎን ሲቆም ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። እኔን ከመልኩ ይልቅ የሚገርመኝ ሙቀት የሚችልበት መንገድ ነው። እኛ ሲሞቀን በላብ ውሃ እናፈሳለን። ሳላ ውሃ እንዳይባክንበት ላቡን ይዞ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል። አንጎሉ እንዳይጎዳ ወደዚያ የሚሄደው ደም፣ በአፍንጫው ውስጥ በትንፋሽ ከቀዘቀዘው ደም ጎን ለጎን ሲያልፍ ሙቀቱን ያጣል። ማቀዝቀዣውን አፍንጫው ውስጥ ይዞ የሚዞር እንስሳ ነው። ከእሱ ሌላ አምባራይሌ፣ አጋዘን፣ የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮ፣ ሰጎን አሉ፤ የአእዋፉ ዓይነት ብቻውን ከ450 በላይ ነው።

«እኩለ ቀን ላይ ብንገባም ያው ነው»

ይህች ስህተት ከሁሉም በላይ ሰው ስታስቆጭ አይቻለሁ። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በዚያው ዕለት አዋሽ ሊያይ የሚያስብ ሰው አለ። ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ቢደርስም ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ያ ሁሉ እንስሳ ጥላ ሥር ተኝቶ ያመነዥካል። አዋሽ 7 ኪሎ አድሮ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በር ላይ መገኘት ነው። ከዚያም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ወደ ማታ።

አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ሙዚቃ ተከፍቷል፣ ሰው ደስ ብሎት ያጨበጭባል፣ ሳላዎቹ ደግሞ ገና ከሩቅ ጀርባቸውን ሰጥተውን ይሄዳሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭራ ብቻ አየን። በመጨረሻ አብሮን ያለው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ለሹፌሩ «ሞተሩን አጥፋውና ዝም እንበል» አለው። መጀመሪያ ዝምታው ከበደን። አሥር ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ከጎናችን ካለው ቁጥቋጦ ሥር ሁለት እንሹዎች ብቅ አሉ፣ ወንድና ሴት፤ እንሹ ጥንድ ሆኖ ነው የሚኖረው። ቁመታቸው ከግልገል አይበልጥም። ወንዱ ዓይኑ ሥር ጥቁር ነጥብ የመሰለች እጢ አለችው፤ እጢዋን ወደ አንድ ደረቅ ጭራሮ ጫፍ አስጠጋት፣ ዓይኑን የሚወጋው መስሎን ትንፋሻችንን ዋጥን፣ ቀስ አድርጎ ሲያሻሸው ጫፉ ላይ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ቀረ። «ይኼ ግቢ የኔ ነው ማለቱ ነው» አለን ስካውቱ በሹክሹክታ። ያን ዕለት አብራን የነበረች እትዬ፣ በደሴ ፒያሳ ሱቅ ያላት፣ እስካሁን የምታወራው ስለዚያ ጭራሮ ነው።

ወራቱም ለውጥ አለው። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ይሻላል፣ ሣሩ ደርቆ ስለሚያጥር እንስሳው ይታያል፣ ውሃ ፍለጋም ወደ ወንዙ ይጠጋል።

«ሰጎን እንቁላሏን በዓይኗ ትፈለፍላለች»

ይህን ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ የሰጎን እንቁላል ሲሰቀልም፣ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል ምእመንም ልቡን ከአምላኩ አይንቀል ተብሎ ይተረጎማል። ትምህርቱ ለልብ የተሰጠ ነው፣ በዚያ ጸንቶ ይኖራል። ሜዳ ላይ ግን ሰጎኖቹ እንቁላሉን ታቅፈው ነው የሚያሞቁት፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ በየተራ። ቀን ቀን አፈር የምትመስለው ሴቷ ትቀመጣለች፤ ማታ ጨለማ የሚመስለው ጥቁሩ ወንድ ይተካታል። አንገቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ጎጆዋ መሬት ላይ ያለ ጉድጓድ ስለሆነ እንቁላል ለማገላበጥ ስታጎነብስ ከሩቅ ያየ ሰው ነው የተሳሳተው።

ጃርት እሾኋን አትወረውርም። ወደ ኋላ እየሮጠች ትወጋለች፣ እሾኹ ስለሚነቀል ገላ ላይ ይቀራል። ጅብም የሞተ ብቻ የሚበላ ፈሪ አይደለም፤ በሜዳ ላይ በቡድን አድኖ የሚኖር ብርቱ አዳኝ ነው።

«የሚያስፈራው አንበሳ ነው»

አንበሳ አዋሽ ውስጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ድምፁ ነው፣ ሌሊት። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግድ የለውም። እኔ የምፈራው ወንዙ ዳር ፎቶ ለሚነሱት ነው። አዋሽ ወንዝ አዞ አለበት፣ አዞ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት አይታይም። ጉማሬ ባለበት ፓርክም ሣር በል ስለሆነ የዋህ የሚመስለው ሰው አለ፤ ከውሃው ወጥቶ ሲግጥ፣ በእሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም።

«ስካውት ገንዘብ ለመቀበል ነው» የሚሉም አሉ። ስካውቱ የት መውረድ እንደሚቻልና እንደማይቻል ያውቃል፤ እንሹዋንም ያሳየን እሱ ነው። የሚከፈለው ሲያንሰው እንጂ አይበዛበትም።

«ለዝንጀሮ ዳቦ መወርወር ጽድቅ ነው»

ደግነቱ ይገባኛል፣ እኔም ልጅ ሆኜ ወርውሬያለሁ። ዳቦ የለመደ ዝንጀሮ ግን አስፋልት ዳር ይውላል፣ መኪና ይገጨዋል። ሲያጣ ደግሞ ከእጅ ይነጥቃል፣ ይነክሳል፣ ከዚያ ሰው «ተናካሽ ነው» ብሎ ይገድለዋል። አዋሽ ላይ ጎፈሩ ብርማ የሆነው የቆላ ዝንጀሮና የወንዙ ዳር ዝንጀሮ ተገናኝተው ይዋለዳሉ፤ የዓለም ተመራማሪዎች ይህን ለማየት አሥርተ ዓመታት ተመላልሰዋል። እኛ ደርሰን በሙዝ ልጣጭ አናበላሸው።

«ወባ አገዳና እሸት ከመብላት ይመጣል፤ አንድ ሌሊትማ ምንም አይል»

እዚህ ላይ እባካችሁ ልብ በሉ። የሸንኮራ አገዳና የበቆሎ እሸት በብዛት የሚበላው ከክረምቱ በኋላ ነው፤ ወባ የሚበረታውም ያኔ ነው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። ሁለቱ አብረው ስለመጡ አንዱ ሌላውን ያመጣ መሰለን። ወባን የምታመጣው ትንኟ ናት፣ ከምሽት እስከ ንጋት የምትነክሰዋ። አንድ ሌሊት ቀርቶ አንድ ንክሻ ይበቃታል። ነጭ ሽንኩርት አይከላከልም፣ አረቄም አይከላከልም። አጎበር፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ የሚቀባ መከላከያ ነው የሚያዋጣው፤ የመከላከያ ኪኒን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ።

ከዚህ የሚብሰው የኋላው ስህተት ነው። ሰው ከቆላ ተመልሶ ሦስት አራት ቀን ደህና ከሰነበተ «ተርፌያለሁ» ይላል። ወባ ከተነከሱ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ሳይታይ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም እስከ ወር ድረስ ሊወጣ ይችላል። ቪቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። አብሮን የሄደ አንድ የደሴ ልጅ በተመለስን በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለው። የሄደበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ሳይሻለው አምስት ቀን ተኛ፤ ደም እንዲመረመር ያደረግነው እናቱ ደውላልኝ ነው። ዳነ፣ ተመስገን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ትኩሳት ይዞ የገባን ሰው ያየ ባለሙያ መጀመሪያ ወባ ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ያተኮሳችሁ ዕለት የመጀመሪያው ቃላችሁ «ቆላ ነበርኩ» ይሁን፣ የደም ምርመራም በዚያው ቀን ጠይቁ።

«ከብት ከገባበት ፓርክ አይደለም»

ፓርኩ ውስጥ ግመልና ከብት ያየ ሁሉ ይቆጣል። ቁጣውን እጋራለሁ፤ ሣሩን ሲግጡት ለሳላው አይተርፍም። ግን አርብቶ አደሮቹ ከረዩዎች፣ ኢቱዎችና አፋሮች እዚያ የነበሩት ፓርኩ ሳይኖር ነው። የመተሐራ ስኳር እርሻ የወንዙን ዳር ወሰደ፣ ፓርኩ ሜዳውን ከለለ፣ በድርቅ ጊዜ የሚሸሹበት ቦታ ጠበበ። ይህን ከወሎ ሰው በላይ ማን ያውቃል? በጋ ሲበረታ የአፋር ከብት ወደ ጨፋ ሲወጣ ከብቱን እናያለን፣ ከሣሩ ጸብም ከእርቁም ጋር ኖረናል። ከብት ወደ ፓርኩ ለመግባቱ መፍትሔ የሚገኘው ባለቤቶቹን አስቀምጦ በማነጋገር ነው፤ በዱላ ሲሞከር ያተረፈው ጥላቻ ብቻ ነው።

ባለፈው ስንመለስ ሚሌ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ የአፋር አዛውንት ከየት እንደመጣን ጠየቁን። የእኛን ጉዞ፣ ያየነውን ሳላ፣ ሁሉንም ልነግራቸው ነበር። የሚሌ ወንዝ ከደሴ አጠገብ ካለው ከተሁለደሬ ደጋ እንደሚነሳ ግን እሳቸው ከኔ በላይ ያውቃሉ። «ከኮምቦልቻ» ስላቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ደጋው ዘንቧል?»