«በሚኒሞ ላይ ጠፋ፣ ፖምፓው ሄዷል» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ስልኩ ሲነሳ ገና ከሰላምታው አውቀዋለሁ። «ኤክስካቫተሩ ቆሞ በሚኒሞ እየሠራ ብቻውን ጠፋ። ኮድም አውጥቷል። ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል መሰለኝ።» ሚኒሞ ማለት ሞተሩ ሥራ ሳይኖረው በዝቅተኛው ዙር ሲዞር ነው፤ ኮድ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ቁጥር። ኮዱ ስንት ነው ስል ዝም ይባላል። ቁጥሩን ያየ ሰው የለም። ፖምፓውን የፈታ ሰው ግን አለ።

«ሞተሩ በራሱ ከጠፋ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከዛሬዎቹ ኤክስካቫተሮች ብዙዎቹ በሚኒሞ ብዙ ከቆዩ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ኦፕሬተሩ የሃይድሮሊክ መቆለፊያ ሊቨሩን ይቆልፍና እጁን ከጆይስቲኩ ያነሳል። ሞተሩ በዝቅተኛው ዙር ይሠራል። የውሃው ሙቀት ደህና ከሆነ፣ የጭስ ማጣሪያውም ጥላሸት እያቃጠለ ካልሆነ፣ ኮምፒውተሩ ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ስክሪኑ ላይ ያስጠነቅቃል። የሚነካው ካጣ ያጠፋዋል። 5 ደቂቃ ላይ የተሞላ ብዙ አጋጥሞኛል፣ ግን ይቀየራል።

ካጠፋ በኋላ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብሎ ይመዘግባል። ብዙ የከባድ ማሽን ሞተሮች በሚጋሩት ጄ1939 በሚባለው የኮድ አሠራር ይህ ማስታወሻ 593-31 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ኤስፒኤን ይባላል፣ ስለ ምን እንደሚወራ ይነግራል፤ 593 ማለት የሚኒሞ ሰዓት ቆጣሪው ሞተሩን አጥፍቷል ነው። ሁለተኛው ኤፍኤምአይ ነው፣ ምን እንደሆነ ይነግራል፤ 31 ማለት የተባለው ነገር ተከስቷል፣ በቃ። ተበላሸ የሚል ቃል የት አለ? አንዳንድ አምራች በራሱ ቁጥር ስለሚያወጣው የማሽኑን መጽሐፍ ማየት ነው።

አንድ ጊዜ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጠፋል የተባለ ማሽን ጋ ተጠራሁ። ከእኔ በፊት የናፍጣ መምጠጫ ፖምፓው ተቀይሯል፣ ሁለቱም የናፍጣ ፊልትሮ ተቀይሯል፣ ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሊወርዱ ቁልፍ ተዘርግቷል። ኦፕሬተሩን ለብቻው ያዝኩትና «ሲጠፋ ምን እያደረግክ ነበር?» አልኩት። «ስልክ እያወራሁ» አለኝ። ላፕቶፑን ሰካሁ፣ 593-31 ተደርድሯል። ሰዓቶቹን ብታዩ ጠዋት ማሽኑ ሲሞቅና ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሌላ አንድ ኮድ የለም። ባለቤቱ አዲሱን ፖምፓ አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አላለም።

ለማረጋገጥ ላፕቶፕ እንኳን አያስፈልግም። ሞተሩን አሙቁ፣ ሊቨሩን ቆልፉ፣ ምንም አትንኩ፣ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ጀምሩ። አስጠንቅቆ ልክ በሞላበት ደቂቃ ከጠፋ፣ ደግማችሁ ስትሞክሩም እዚያው ደቂቃ ላይ ከጠፋ፣ ቆጣሪው ነው። ብልሽት እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም። እየቆፈረ ከጠፋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ እዚያ ላይ እንነጋገራለን።

«እንግዲያው በሚኒሞ የሚጠፋ ሁሉ ጤነኛ ነው።» እንደሱም አላልኩም! የዘይት ግፊት ዝቅ የሚለው ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ነው። ስለዚህ የዘይት ፖምፓ የደከመበት ወይም ብሮንዚን (የዘንጉ ማረፊያ) የተበላበት ሞተር በሥራ ላይ ደህና መስሎ በሚኒሞ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ የምታዩት 593 አይደለም፣ 100 ነው። 100 የሞተር ዘይት ግፊት ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ሁለተኛው በሽታ ይመጣል፤ «ኮዱ የዘይት ግፊት ካለ ሰንሰሩን (ግፊቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን መለኪያ) ቀይር።» የኋላውን ቁጥር ማንም አያነብም። 100-1 ማለት ግፊቱ አደገኛ ሆኖ ወርዷል ነው። ሞተሩን ደግማችሁ አታስነሱ። የዘይቱን መጠን እዩ፣ ከዚያ በእጅ የሚገጠም ጌጅ ይዛችሁ ለኩ። 100-4 ደግሞ የሰንሰሩ መስመር ቮልቴጅ ወርዷል ነው፣ 100-3 ከፍ ብሏል። ሁለቱ ስለ ዘይት ምንም አያወሩም፣ ስለ ኤሌክትሪክ ነው የሚያወሩት። አንዱ ሞተር የሚያወርድ ነገር ነው፣ ሌላው ሽቦ የሚያስፈትሽ። በአንዲት አሃዝ ነው የሚለያዩት።

100-4 ያለበት አንድ ማሽን ሰንሰሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሮለት ኮዱ አልሄድ ብሎ ጠበቀኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ብቻ አብርቼ የሰንሰሩን ሶኬት ነቀልኩ። በብዙ ሞተሮች ሶኬቱ ሲነቀል 4 ወደ 3 ከተቀየረ ሽቦው ደህና ነው፣ ሰንሰሩ ነው የሞተው። የእኔው አልተቀየረም፣ 4 ብሎ ቀረ። ስለዚህ ገመዱን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ከሞተሩ ጀርባ አንድ የብረት መያዣ ስር ሲደርስ ጣቴ ሸካራ ነገር ነካ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቦታ ላይ ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ያብረቀርቃል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ተፈግፍጎ ከብረቱ ጋር ተነካክቶ ቀርቷል። አዲስ ሽቦ፣ ሽፋን፣ አንድ ማሰሪያ። አለቀ። ሁለቱ ሰንሰሮች ካርቶናቸው ውስጥ ናቸው፣ ጤነኞች።

ሦስት አራት ኮድ ባንዴ ሲመጣም ሦስት አራት ሰንሰር ባንዴ ሞተ አይባልም። የሚጋሩት 5 ቮልት መስመር አለ፣ የሚጋሩት ማሳ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) አለ፣ የላላ የባትሪ ቦርን (ሽቦው ባትሪው ላይ የሚታሰርበት) አለ። ከዚያ ጀምሩ።

«ባትሪውን ነቅለህ ስትመልስ ኮዱ ይጠፋል።» በዛሬዎቹ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበ ኮድ ባትሪ ስለተነቀለ አይጠፋም። በላፕቶፕ ማጥፋትም ቢሆን ኮዱን ወረቀት ላይ ከመጻፍ በፊት ሞኝነት ነው፤ ስንት ጊዜ እንደተከሰተና መጀመሪያ በስንት የሥራ ሰዓት ላይ እንደሆነ አብሮ ይሄዳል። ጭሱን ለማጽዳት ዩሪያ የሚባል ፈሳሽ የሚጠቀም ማሽን ላይ ደግሞ ሞተሩ እንደጠፋ ዋናውን የባትሪ ማብሪያ የሚዘጋ ሰው አለ። ሲስተሙ ከመስመሩ ውስጥ ያለውን ዩሪያ መልሶ ለመሳብ ጊዜ ይፈልጋል። ካልጨረሰ እዚያው ይደርቅና ሌላ ኮድ ይዞላችሁ ይመጣል።

«በራሱ ሲጠፋ ቱርቦ ይበላል።» ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) የሚጎዳው ከከባድ ሥራ ላይ ድንገት ሲጠፋ ነው። ይሄ እኮ ደቂቃዎች በሚኒሞ ቀዝቅዞ ነው የጠፋው።

«ለሞተር ከማጥፋት በሚኒሞ ማቆየት ይሻላል።» ለጥላሸት ይሻላል፣ አዎ።

«እንግዲያው ቆጣሪውን ከኮምፒውተሩ ውስጥ አስወጣልን።» ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ቆጣሪው ለሥራችሁ ካጠረ ደቂቃውን አስረዝሙ። አንዳንዱ ማሽን ላይ ከስክሪኑ ይቀየራል፣ አንዳንዱ ላይ በላፕቶፕ።

ስትደውሉልኝ ይህን ይዛችሁ ደውሉ፦ ሁለቱንም ቁጥር፣ ሊቨሩ ተቆልፎ ነበር ወይስ አልተቆለፈም፣ ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ አልሞቀም፣ ከመጥፋቱ በፊት ስክሪኑ ምን አለ። በቅርቡ አንድ ወጣት ኦፕሬተር ይህን ሁሉ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ጽፎ ፎቶውን ላከልኝ። 593-31፣ ተቆልፏል፣ ሞቋል፣ አስጠንቅቋል። መልሴ አንድ መስመር ነበር፦ «አስነሳውና ሥራህን ቀጥል።»