ከሕያው ጽንስ ጋር አብሮ የሚከሰት የሞላር እርግዝና

በመንታ እርግዝና ውስጥ አንደኛው ጽንስ በጤና እያደገ፣ ሁለተኛው ግን ጽንስነቱ ቀርቶ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገጉበት የእንግዴ ልጅ ሕብረ ሕዋስ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሙሉ የሞላር እርግዝና ከሕያው ጽንስ ጋር የሚታይበት ይህ ክስተት ከ20,000 እስከ 100,000 ከሚደርሱ እርግዝናዎች በአንዱ ብቻ እንደሚያጋጥም ይገመታል።

ከሁሉ አስቀድሞ እርግዝናው በእርግጥ መንታ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በከፊል የሞላር እርግዝና ጽንሱና የተበላሸው እንግዴ ልጅ የአንድ እርግዝና አካላት ናቸው፤ ጽንሱም አብዛኛውን ጊዜ በ46 ፈንታ 69 ክሮሞዞሞች ስለሚኖሩት የመኖር ተስፋው እጅግ የመነመነ ነው። በመንታው ግን ሞላሩ ከአባት ክሮሞዞሞች ብቻ የተፈጠረ ሲሆን፣ ሌላው ጽንስ ከተለየ እንቁላል ተፀንሶ በራሱ ጤናማ እንግዴ ልጅ ያድጋል። ስለዚህ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሁለት የተለያዩ እንግዴ ልጆችን ይፈልጋል፤ ጥርጣሬ ካለም ከሽርት ውሃ ናሙና ተወስዶ የጽንሱ ክሮሞዞሞች ይመረመራሉ። ይህ ሳይጣራ እርግዝናውን ለማቋረጥ መቸኮል ጤናማ ልጅ ሊያሳጣ ይችላል።

ቀድሞ ማቋረጥ የተለመደ ምክር ነበር። ይህን አመለካከት ካለዘቡት ማስረጃዎች አንዱ በ2002 እ.ኤ.አ. በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣ የብሪታንያ ጥናት ነው፤ ከ77 እንዲህ ያሉ እርግዝናዎች 53ቱ እንዲቀጥሉ ተወስኖ 20ዎቹ ሕያው ልጅ ተወልዶባቸዋል። ከእርግዝናው በኋላ የሚቀረው የሞላር ሕዋስ ኬሞቴራፒ እስከሚያስፈልገው የመድረስ ዕድሉም በቀጠሉት 21 በመቶ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ባቋረጡት ደግሞ 16 በመቶ ስለነበር፣ መቀጠሉ ይህን አደጋ ጉልህ በሆነ መጠን አልጨመረም። ሆኖም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጅ አላገኙም፤ ይህም ለእናቲቱ ሳይሸፋፈን ሊነገራት ይገባል።

ለመቀጠል የወሰነች እናት ከባድ ደም መፍሰስ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት አደገኛ የደም ግፊት መጨመር)፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትና ያለጊዜው መውለድ ሊያጋጥሟት ስለሚችሉ፣ ክትትሏ ደም በሚገኝበት፣ የቀዶ ሕክምናና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለበት ሆስፒታል መሆን አለበት። የደም ግፊቱ ወይም መድማቱ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ እርግዝናው ይቋረጣል።

ከወሊድ በኋላ እንግዴ ልጁ ለፓቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ) ምርመራ ይላካል፤ ከእንግዴ ልጅ ሕብረ ሕዋስ የሚመነጨው የኤችሲጂ ሆርሞን መጠንም ወደ መደበኛው እስኪመለስ በየጊዜው ይለካል፣ ከዚያም ለወራት ክትትሉ ይቀጥላል። አዲስ እርግዝና ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ ውጤቱን ስለሚያምታታ በዚህ ጊዜ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። የሆርሞኑ መጠን ባለበት ከቆመ ወይም እንደገና ከጨመረ የሞላር ሕዋስ መቅረቱን ስለሚጠቁም፣ አደጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ ታካሚዎች ብዙውን ጊዜ ሜቶትሬክሴት በተባለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ይታከማሉ፤ ክትትላቸውን ካላቋረጡም ሁሉም ለማለት ይቻላል ይድናሉ።