ዓለም አቀፍ ሕግ የሰውን መብት እንዴት ነው የሚጠብቀው? ከዘረት ዋሻ እስከ ቀበሌ መሸኛ

ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ላይ ጣሊያን እዚሁ ሰሜን ሸዋ ዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ አስጨንቆ፣ እጁን የሰጠውን ደግሞ በጥይት ፈጀው። በዛን ሰዓት ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ስምምነት ነበር እኮ! የ1925ቱ የጄኔቭ ፕሮቶኮል (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ጣሊያን ራሷ በ1928 አጽድቃዋለች፣ ኢትዮጵያም በ1935 ገብታበታለች። ሕግ አልጠፋም፣ የጠፋው ጠያቂ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን የጣሊያን ጦር አዛዦቹን እነ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን በተጠርጣሪነት ቢቀበልም፣ ኢትዮጵያ ላይ ለተሠራው ግፍ ችሎት ፊት የቆመ አንድም ጣሊያን የለም።

ከዛ ወዲህ የመጣው ሲስተም በሙሉ ያንን ጠያቂ ለመፍጠር የተደረገ ሙከራ ነው ብል አላጋነንኩም። ድሮ ዓለም አቀፍ ውል ማለት የመንግሥትና የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ የሸዋ ባላገር በውሉ ውስጥ የለም፣ ማንም አልጠየቀውም። ታህሳስ 10 ቀን 1948 ፓሪስ ላይ የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ ሲጸድቅ ግን (48 አገር ደገፈ፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ፣ የተቃወመ የለም፣ ኢትዮጵያ ከደጋፊዎቹ ናት) መንግሥት በገዛ ዜጋው ላይ የሚያደርገው ነገር የሌላውም ጉዳይ ሆነ። መግለጫው ራሱ አስገዳጅ ውል አይደለም፣ አስገዳጆቹ በ1966 የወጡት ሁለቱ ቃል ኪዳኖች ናቸው፣ አንዱ የሲቪልና ፖለቲካ፣ ሌላው የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህል መብቶች። ኢትዮጵያ ሁለቱንም በ1993 ተቀብላለች። የሴቶች፣ የሕፃናት፣ የፀረ ማሰቃየት፣ የአካል ጉዳተኞች ስምምነቶችም አሉ፣ እነሱንም ፈርመን አጽድቀናል፣ በመፈረም ማንም አይቀድመንም።

አንድ አገር ሲፈርም የሚገባው ግዴታ ሦስት ዓይነት ነው ይላሉ የሕግ ሰዎች፦ ማክበር፣ መጠበቅ፣ ማሟላት። ማክበር ማለት ፖሊሱ ራሱ እንዳይደበድብህ ነው። ማሟላት መብቱ በተግባር እንዲገኝ መሥራት ነው። ለኛ ዞን ግን ትልቁ ቁም ነገር ያለው መጠበቅ ላይ ነው፣ ሌላው እንዳይጎዳህ መከላከል ማለት ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ያቃጠለው የታጠቀ ቡድን ነው ተብሎ ነገሩ አያልቅም፣ ጥቃቱ እንደሚመጣ እየታወቀ መንግሥት ለመከላከል ምን አደረገ፣ ከዛ በኋላስ መርምሮ ማንን ለፍርድ አቀረበ የሚለው በዓለም አቀፍ ሕግ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ጦርነት ሲሆን ደግሞ የ1949ኞቹ የጄኔቭ ስምምነቶች ይጨመራሉ፣ በአራቱም ስምምነቶች ውስጥ ስላለ የጋራ አንቀጽ 3 የሚባለው መንግሥትንም አማፂንም እኩል ነው የሚያስረው፤ ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ መሣሪያ ያልያዘን ሰው መግደልና መድፈር ለየትኛውም ወገን ክልክል ነበር።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ደብረ ብርሃን ያለ ዳኛ ፊት ይሠራል ወይ? በወረቀት ደረጃ አዎ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ላይ የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፣ 13(2) ደግሞ የመብት ምዕራፉ ከነሱ ጋር በተጣጣመ መንገድ ይተርጎም ይላል። ችግሩ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የማጽደቂያው አዋጅ ነው እንጂ የስምምነቱ ሙሉ ጽሑፍ አይደለም፣ ስለዚህ ዳኛውም ጠበቃውም በአማርኛ የሚያነበው ነገር ያጣል፣ ያላነበበውን ደግሞ አይጠቅስም። ቢሆንም ተሠርቶበታል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አባት ከአክስቱ ጋር ያደገን ልጅ ልውሰድ ሲል፣ የሕፃናት መብት ስምምነትን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ወስኗል። የሰበር ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስራል።

ለኔ ግን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት የካምፓላ ስምምነት ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2009 ያወጣው፣ የአገር ውስጥ ተፈናቃይን የሚመለከት ውል ነው፣ እኛም በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቀነዋል። ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕና ሌሎቹ መጠለያዎች ውስጥ ያለ ተፈናቃይ መታወቂያው ቤቱ ጋር ተቃጥሎ አዲስ ልውሰድ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድነው? ከነበርክበት ቀበሌ መሸኛ አምጣ! የሸሸበት ቀበሌ እኮ ነው፣ ማን ይጽፍለታል፣ ቢሄድስ በሕይወት ይመለሳል ወይ። መታወቂያ ከሌለ ደግሞ ባንክ የለም፣ ሲም የለም፣ ኬላ ላይ ትወርዳለህ። የስምምነቱ አንቀጽ 13 ይችን ነገር በስሟ ጠርቷታል ማለት ይቻላል፤ የጠፋ ሰነድ ሲተካ ወደ ቀድሞ መኖሪያ ተመለስ የሚል ዓይነት ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ሴቶችም በባላቸው ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ሰነድ ያገኛሉ። አንቀጽ 11 ደግሞ መመለስ፣ እዛው መኖር ወይ ሌላ ቦታ መስፈር የተፈናቃዩ ምርጫ ነው ይላል፣ መኪና መጥቷል ውጡ ተብሎ የሚደረግ መመለስ በዚህ ሕግ መመለስ አይባልም።

አገር ውስጥ መልስ ካልተገኘ የውጭ በር አለ፣ ግን እንደሚወራው ሰፊ አይደለም። ኢትዮጵያ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን አማራጭ ፕሮቶኮል ስላላጸደቀች ግለሰብ በዛ በኩል ጄኔቭ ላለው ኮሚቴ መክሰስ አይችልም፣ የአሩሻውን የአፍሪካ ፍርድ ቤት ፕሮቶኮልም አላጸደቀችም፣ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትም አባል አይደለችም። ያለ አግባብ ለታሰረ ሰው የተመድ የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን አለ፣ በደብዳቤ ነው የሚሠራው፣ ማስገደድ ግን አይችልም።

በደንብ የተከፈተው በር ባንጁል፣ ጋምቢያ ያለው የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። ኢትዮጵያም እዛ ተረትታለች፤ በ2001 ተጠልፋ ስለተደፈረች የ13 ዓመት ልጅ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው የሴቶች መብት ድርጅት ባቀረቡት አቤቱታ ኮሚሽኑ መንግሥት 150 ሺህ ዶላር ካሳ ይክፈል ብሏል፣ ያውም ከጠለፋው 14 ዓመት ቆይቶ። አቤቱታ የሚቀበሉበት ሕግ ኮሚሽኑን ባቋቋመው የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 ላይ ነው። ስድብ ያለበት አቤቱታ አይቀበሉም (የኛ ሰው ማመልከቻ ላይ ሲናደድ ምን እንደሚጽፍ ለሚያውቅ ይሄ ቀላል አይደለም)፣ ከሚዲያ ወሬ ብቻ የተለቀመም አይሆንም፣ አገር ውስጥ ያለውን የፍርድ ሂደትም ጨርሶ መምጣት ያስፈልጋል፣ ሂደቱ ያለ አግባብ መጓተቱ ግልጽ ካልሆነ በቀር። መጓተቱን የሚያሳየው ደግሞ ወረቀት ነው፣ ስለዚህ መዝገብ ቤት ማኅተም ያረፈበትን የማመልከቻ ኮፒና እያንዳንዱን የቀጠሮ ወረቀት፣ ዳኛ አልተሟላም ተብሎ የተለወጠውንም ጭምር፣ ቀኑ እንደሚታይ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።