ኤችአይቪን የሚገቱ የዕፅዋት ውህዶችና የወሎ ባህላዊ ሕክምና

ወሎ ውስጥ ምች የመታው ሰው መጀመሪያ የሚፈለግለት ዳማከሴ ነው። ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፣ ገላ ይታሽበታል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል። ምች ተብሎ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ብዙውን ጊዜ የሄርፐስ ምልክት ስለሆነ፣ ሕዝቡ ቫይረስ የሚባል ስም ሳይሰማ ቫይረስን በቅጠል ሲታገል ኖሯል ማለት ይቻላል።

ኤችአይቪ ግን እንደ ምች በራሱ ጊዜ አይለቅም፤ የራሱን ዘረመል ከሕዋሱ ዘረመል ጋር ቀላቅሎ ይደበቃል። በኢትዮጵያ ዕፅዋት ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ የአዛምር ሥር ቅርፊት፣ የክትክታ ቅጠልና የእንኮይ ቅርፊት በቤተ ሙከራ የቫይረሱን መባዛት ሲገቱ ታይተዋል። ክትክታ በወሎ ደረቅ ተዳፋቶች ላይ የሚበቅል፣ ከማገዶነት ያለፈ ግምት የማይሰጠው ቁጥቋጦ ነው። ሥር ማሾችና ቅጠል በጣሾች ለዘመናት የያዙት እውቀት ለምርምር መነሻ መሆኑ ትልቅ ክብር ይገባዋል።

ከሌላው የአገራችን ዛፍ ከአባሎ ግንድ ቅርፊት ደግሞ በቤተ ሙከራ ቫይረሱን የሚገታ ፑኒካላጂን የተባለ ታኒን ተለይቷል፤ በሮማን ልጣጭም ይገኛል። ታኒን ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ካገኘው ፕሮቲን ሁሉ ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ቫይረሱን መያዙ በሰው ደም ውስጥም ይይዘዋል አያሰኝም፤ አንጀትም እምብዛም አያሳልፈውም። ተመራማሪዎች ቫይረሱን የሚገታውን መጠን ሕዋሱን ከሚገድለው መጠን ጋር የሚያነጻጽሩትም ለዚህ ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ የተገኘው መርዝ ነው።

ሩቅ ከሄዱት ውህዶች አንዱ ካላኖላይድ ኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በማሌዥያ ሳራዋክ ከተሰበሰበ የዛፍ ናሙና የተገኘ ሲሆን፣ ቫይረሱ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥበትን ኤንዛይም ያግዳል። በሰው ላይ ተሞክሯል፤ ለሐኪም ማዘዣ ግን አልበቃም። ሰብሳቢዎቹ ለተጨማሪ ናሙና ሲመለሱ ያው ዛፍ ተቆርጦ ጠበቃቸው። አዛምርም ሥሩ እየተማሰ ቅርፊቱ ከተላጠ ተክሉ ይደርቃል፤ ይህ በጣም ያሳስባል።

በኢትዮጵያ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ዛሬ ቫይረሱን በሰው ገላ ውስጥ ጸጥ አድርጎ የሚይዘው ይኸው መድኃኒት ነው፤ እስካሁን በእሱ ቦታ የሚተካ ቅጠልም ሥርም የለም። ደርቦ መጠጣትም ጉዳት አለው። በአንድ ሙከራ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሳኪናቪር የተባለውን መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ ያህል ቀንሶታል። ደሴም ይሁን ወልዲያ ክትትል ያለው ሰው የሚወስደውን ባህላዊ መድኃኒት ለሐኪሙ ሊነግር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። የመድኃኒቱ መጠን ሲወርድ ቫይረሱ ይላመደዋል፤ ያኔ መድኃኒቱን በሌላ መቀየር ግድ ይሆናል።