ባል ሚስቱን ሳይመታት እየተቆጣጠረና እያስፈራራ ቢያኖራትስ ወንጀል ነው?

በእንግሊዝና በዌልስ አዎ፣ ነው። ከታኅሣሥ 2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሚስትን ወይም ፍቅረኛን በቁጥጥርና በማስፈራራት ማኖር እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ሕጉ የሚያየው አንድ ቀን የተፈጠረን ጠብ አይደለም፤ የሚደጋገመውን ነው። ስልኳን ይፈትሻል። ደመወዟን ይወስዳል። ከእናቷ ጋር ስታወራ «ስፒከር ላይ አድርጊው» ይላል። ሲብስ ደግሞ «ቪዛሽን አሰርዛለሁ»። ከአገሯ ርቃ በባሏ ቪዛ ለምትኖር ሴት ይቺ ቃል ከዱላ ትከፋለች። ግን ትወቀው፦ የብሪታንያ ዜጋ አግብታ ትዳሯ በጥቃት ከፈረሰ፣ በራሷ ስም የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች።

ምን መረጋገጥ አለበት? ጥቃት ያደርስብኛል ብላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መፍራቷ፣ ወይም ጭንቀቱ የዕለት ኑሮዋን ክፉኛ ማወኩ። የጤና መታወክ፣ ከወዳጅ መራቅ፣ የሥራ መስተጓጎል እዚህ ይገባሉ።

አእምሮዋም ይጎዳል። እንቅልፍ ታጣለች፣ ድብርት ይይዛታል፣ «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» ማለት ትጀምራለች። «ታዲያ ለምን ትታው አትሄድም?» የሚሉ ሰዎች የሚያሳዝኑኝ ለዚህ ነው።

ብትለየውስ? ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ወንጀል ለመባል አብሮ መኖር ግዴታ አይደለም። ከተለያዩ በኋላ ቢቀጥልበትም ሕጉ ይይዘዋል።